አባዬ ያጠበቃቸው ብሎኖች

ኬትል ደሴት፣ ኒውፋውንድላንድ
እሑድ፣ ኖቬምበር 25 ቀን 1951

ውድ እማዬ፣

እንዴት ነሽ ብዬ ልጀምር አሰብኩና፣ መልሱ እስኪደርሰኝ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ ሳሰላው ጥያቄው ራሱ ሞኝ መሰለኝ። ቢሆንም እንዴት ነሽ? ቁስሉ ያምሻል? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እኛ ደህና ነን። አባዬ ደህና ነው፣ ውሻው ደህና ነው፣ ጓዳ ያለውን ድንች ውርጭ አልነካውም። ዳቦውም አሁን ኩፍ ይልልኛል፤ ባለፈው ወር ድንጋይ ይሆንብኝ የነበረው ሊጡን ከምድጃው በጣም አስጠግቼ ስለማስቀምጠው ኖሯል።

ይህን ደብዳቤ ፖስተኛው በረዶው ጠንክሮለት ውሾቹን እየነዳ ሲመጣ እሰጠዋለሁ። አሁን ባሕሩ የማይረባ ጊዜው ላይ ነው፤ እግር አይሸከምም፣ ጀልባም አያሳልፍም። ማዶ ያለው ሱቅ ጭሱ ይታየናል እንጂ ከረገጥነው አሥራ ሁለት ቀን ሆነን።

ስለ ሬድዮው ልንገርሽ። አባዬ አትንገሪያት አላለኝም፣ ንገሪያትም አላለኝም። ግን አንቺ ያስተማርሽኝ ነገር ስለሆነ የት እንደተሳሳትኩ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

የሐኪሙ ደብዳቤ የመጣው በመጨረሻው መርከብ ነው። የሳምባሽ ቀዶ ሕክምና ማክሰኞ፣ በሃያ፣ እንደሚሆንና ውጤቱ በማታው የሬድዮ ዜና ከሚነበቡት መልእክቶች ጋር እንደሚነገረን ይላል። አባዬ ሦስት ጊዜ አስነበበኝና አጥፎ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አስቀመጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአራቱም ቤት ሰው በየማታው እኛ ኩሽና ይሰበሰባል። መልእክት አንዴ ይነበባል፣ ያመለጠው አመለጠው፤ ደሴቱ ላይ ደግሞ ያለው ሬድዮ የእኛው ብቻ ነው።

ባትሪው እየደከመ ስለነበር ድምፁ ከቀን ወደ ቀን ቀጠነ። ቅዳሜ፣ በአሥራ ሰባት፣ ጎረቤት፣ እትዬ ትራይፊና ቤት፣ ልብስ በማጠብ ሳግዛቸው ውዬ ስመለስ አባዬ ሬድዮው አጠገብ ቆሟል። ከፈትኩት። ምንም የለም። የዝናብ ዓይነት ሹክሹክታ እንኳ የለም።

“አባዬ፣ ምን ሆነ?”

“ከውስጡ አምፖል ተቃጥሎ ይሆናላ” አለ። ይህን ያለው ለእኔ ሳይሆን ለመስኮቱ ነው።

ማታ ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ መጣ። አጎት ኤልዮል ጆሯቸውን ከእንጨቱ ላይ ለጥፈው ቆዩና “ይቺ ነገር እንደ እኔ ሆነች፤ ገላዋ አለ፣ ጆሮዋ ሄደ” አሉ።

“ያንተ ጆሮ የሚሄደው እንጨት ፍለጥ ሲሉህ ነው” አሉ እትዬ ትራይፊና። “ሻይ ሲሉህማ ከማዶ ትሰማለህ።”

ሰው ሳቀ። አባዬ አልሳቀም። ሁሉም ሻዩን ጠጥቶ ከሌላው ቀን ቀደም ብሎ ሄደ።

እሑድ ጀርባውን እከፍታለሁ ብዬ ካቻቪቴውን ከመሳቢያ ሳወጣ እትዬ ትራይፊና ከጸሎት ሲመለሱ ደረሱብኝ። “በሰንበት የሰፋሽውን በአፍንጫሽ ትተረትሪዋለሽ” አሉኝ። መስፋት አይደለም ልላቸው ፈልጌ ነበር። ግን ታውቂኛለሽ፣ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ እሳቸው በሩ ላይ ደርሰው ነበር። ቀኑን ሙሉ ሬድዮው ሳይከፈት ተቀመጠ፣ እኔም አየሁት።

ሰኞ ጠዋት አባዬ እንጨት ሊያመጣ ሲወጣ ጀመርኩ። አንቺ ሳታገቢ ሴንት ጆንስ ሬድዮ ጠጋኙ ቤት ስትሠሪ የሰማሽውን፣ “ከአፉ ጀምረሽ ወደ ጆሮው ሂጂ” የምትይውን፣ እንደ መዝሙር ለራሴ እያልኩ ነው የሠራሁት። መጀመሪያ ባትሪውን አየሁ፤ ደክሟል እንጂ አልሞተም። ቀጥሎ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ያለውን አምፖል በእርጥብ ጣት ነካሁት፤ ጠቅ አለ። ከእሱ በስተጀርባ ያለውን ነካሁት፤ ከፊተኛው ጠንክሮ ጠቅ አለ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም እንደዚያው። የአንቴናውን ሽቦ ጫፍ ስፍቀው ተንኮሻኮሸ። አንድም አምፖል አልተቃጠለም። ሬድዮው ከአፉ እስከ ጆሮው ሕያው ነው፤ ግን ከውጭ የሚመጣ አንድም ነገር አይሰማም።

እዚህ ላይ ብዙ ቆየሁ። እኔ ቀርፋፋ ነኝ፤ መምህሩም እስከ አራተኛው የንባብ መጽሐፍ ድረስ ሲነግረኝ ኖሯል። ዙሪያውን ፋኖስ ይዤ ዞርኩ። ያኔ ነው ሬድዮው ውስጥ ያሉትን ሁለቱን የቆርቆሮ ጣሳዎች ያየኋቸው። በየጣሳው አናት ባሉት ሁለት ሁለት ብሎኖች ላይ አንቺ እንዳይዞሩ ያንጠባጠብሽው የሻማ ሰም ተሰባብሯል። ፍርፋሪው ሥር ወድቋል። የብሎኖቹ ራስ አዲስ ጭረት ይዞ ያበራል። ከቁጥር ሰሌዳው ጀርባ ያሉት ሁለቱ ትናንሽ ብሎኖችም እንደዚያው። ስድስቱም መጨረሻቸው ድረስ ጠብቀዋል።

“እነዚህ የላሉ ይመስላሉ እንጂ አልላሉም። ልክ መቆም ያለባቸው ቦታ ላይ ነው የቆሙት። ሬድዮው ከስንቱ ድምፅ አንዱን የሚለየው በእነሱ ነው፤ በሕይወትሽ እንዳትነኪያቸው” ያልሽኝ ትዝ አለኝ። ለእኔ ነግረሽኛል። ለአባዬ ግን ማንም አልነገረውም፤ እሱም ጠይቆ አያውቅም።

አልተናደድኩም እማዬ። ቅዳሜ ብቻውን ቆሞ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሲያጠብቅ፣ ካጠበቀ በኋላ ደግሞ ከፍቶ ጸጥታውን ሲሰማ ታየኝ። ያንን ማየት ከመናደድ የባሰ ነበር። ግን አንድ ነገር መጠየቅ ነበረብኝ፤ ምን ያህል እንዳዞራቸው ካላወቅኩ ምን ያህል እንደምመልስ አላውቅም።

ራት ላይ ዓሣና ድንች ቀርቦ ነበር። ሳህኔን እያየሁ “አባዬ፣ ብሎን ስታጠብቅ እስከ መጨረሻው ነው የምታጠብቀው?” አልኩት።

ማኘኩን አቆመ። “አለዚያማ ምኑ ማጥበቅ ሆነ?”

“ከመጥበቁ በፊት ስንት ዙር ይሄዳል?”

“እንደ ብሎኑ ነዋ።” ሹካውን አስቀመጠ። “አንድ ዙር ተኩል። ሁለት የማይሞላ። ሁሉም ይኸው ነበሩ።”

ምድጃው ውስጥ እንጨት ወደቀ።

“ላልተው ነበር ድሩሲላ” አለ። “ድምፁ የደከመው በእነሱ መስሎኝ ነው። ጀልባ ላይ የላላ ነገር ሰው ይገድላል።”

“አውቃለሁ።”

“ለኤልዮል እንዳትነግሪው። እስከ ፋሲካ ሲስቅብኝ ይከርማል።”

“አልነግርም” አልኩት። ለአጎት ኤልዮል አልነገርኩም። ለአንቺ ነው የነገርኩት።

ማክሰኞ ቀኑ ማክሰኞ መሆኑን ማናችንም አላነሣንም። አባዬ ጠዋት ተነሥቶ ሰዓቱን ሞላው፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ሞላው። እኔ ወለሉን አጠብኩ፤ ከዚያ ታጥቦ እንደነበር ረስቼ መልሼ አጠብኩት። ሲመሽ ስድስቱንም ብሎኖች እያንዳንዳቸውን አንድ ዙር ተኩል ወደ ኋላ መለስኳቸውና ከፈትኩት። ሹክሹክታው ተመልሶ መጣ! ቀጭን ነው፣ ግን መጣ። ከድምፅ ማጉያው በኩል ካለው ጣሳ ጀምሬ፣ ብሎኑን ጥቂት ሳዞር ሹክሹክታው ይወፍራል፣ ባለፍኩት ቁጥር ይቀጥናል፤ ወደ ወፈረበት እመልሰዋለሁ። ችግሩ ካቻቪቴው ነው። ብረቱ ብሎኑ ላይ እያለ ይወፍራል፤ ሳነሣው ሁሉም ይጠፋል። አንቺ ለዚህ የምትይዥው ከአጥንት የተሠራ ካቻቪቴ መሳይ ነገር ነበረሽ፣ አይደል? መሳቢያውን ሁሉ ፈለግኩት፤ የለም። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ባትሪው እንዳያልቅ ዘጋሁት። የዜናው ሰዓት በዚሁ አለፈ።

አባዬ ከማዕዘኑ ሆኖ ሲያየኝ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ስነሣ ገበታው ላይ የመረብ መስፊያ ተቀምጧል። የአያቴ የነበረው፣ ከጥድ የተቀረጸው ነው። ጫፉን በቢላዋ ጠርቦ እንደ ካቻቪቴ ምላስ አቅጥኖታል። ከእንግዲህ መረብ አይሰፋበትም።

“ልክ ይሆናል?” አለ።

ሞከርኩት። ልክ ነበር።

ያን ቀን ባትሪውን ከምድጃው ኋላ አድርጌ ሳሞቀው ዋልኩ፤ ሲሞቅ ትንሽ ይታደሳል ብለሽኝ ነበር፣ እውነትም ታደሰ። ማታ ግን ሰው ሁሉ ቀድሞ መጥቶ ተደረደረ። እማዬ፣ ሰው እያየኝ እጄ አይታዘዘኝም። እንጨቱ ከብሎኑ ላይ ይንሸራተታል። አጎት ኤልዮል ትንፋሻቸው ጀርባዬ ላይ ነው።

“እኛ የለንም በይ የኔ ልጅ።”

ጉልበትዎ ትከሻዬን እየገፋኝ እንዴት የሉም ልበል፣ ልላቸው ነበር። አላልኩም።

እትዬ ትራይፊና ናቸው ያዩልኝ። “በሉ ተነሡ! ወንበራችሁን አዙሩ! ልጅቷ እየወለደች ነው ወይስ እየሠራች?” አሉ። አሥራ አንዱም ሰው፣ አባዬ ጭምር፣ ወንበሩን አዙሮ ግድግዳውን እያየ ተቀመጠ። አንቺ ብታይው እንደዚያ ስቀሽ አታውቂም ነበር። በአሥራ አንድ ሰው ጀርባ ፊት እንጨቱ ከብሎኑ ላይ መንሸራተቱን ተወ።

የመጀመሪያውን ጣሳ ጨረስኩ፣ ወደ ሁለተኛው ሄድኩ። ከሹክሹክታው ውስጥ የሰው ድምፅ ወጣ። ብሎኑን በሩብ ዙር ሳንቀሳቅስ ድምፁ ሞላ። በፈረንሳይኛ የሚደገም የካቶሊኮች ጸሎት ነበር።

“ድሩሲላ!” አሉ አጎት ኤልዮል ግድግዳውን እንዳዩ። “የሜቶዲስት ቤት ነው ብለን ብንመጣ ጳጳሱን ኩሽና ድረስ አመጣሽብን?”

“ዝም በል፣ ቢያንስ እሱ ይሰማል” አሉ እትዬ ትራይፊና።

የእኛን ጣቢያ በቦታው አጣሁት። የቁጥር ሰሌዳውን መርፌ በዝግታ ሳስኬድ ከልማዱ ቁጥር ሁለት ጣት ርቆ አገኘሁት። ሰውዬው የአየር ጠባዩን እያነበበ ነበር፤ ለደቡብ ዳርቻ ንፋስ ከሰሜን ምሥራቅ አለ። ከዚያ ደህና እደሩ ብሎ ዘጋ። የዕለቱ መልእክቶች ሁሉ አልፈው ነበር።

ሰው ወንበሩን መልሶ አዞረ፣ ግን ማንም አልተነሣም። ሁሉም የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ መልእክቱ ዛሬ ተነቦ ቢሆንስ? ወይስ ትናንት? አጎት ኤልዮል እንኳ ቀልድ አጡ። “ሆስፒታል ነው፣ ዛሬ ቆርጦ ዛሬ አይናገርም” አሉ በመጨረሻ። አባዬ ራሱን ነቀነቀ። ሁሉም ከሄዱ በኋላ አባዬ መረብ መስፊያውን ከእጄ ወሰደና ዶልዱሞ የነበረውን ጫፍ እንደገና ሳለው።

ሐሙስ ገና ሲጨላልም ጀመርኩ። ከቁጥር ሰሌዳው ጀርባ ካሉት ሁለት ብሎኖች አንደኛውን በጥቂት በጥቂት እያዞርኩ ጣቢያውን ወደ ቁጥሩ ጎተትኩት። ሁለተኛው የአንቴናው ነው፤ እሱን እስኪሞላ ድረስ አዞርኩ። ከዚያ ሰም አቅልጬ ስድስቱም ላይ አንጠባጠብኩ። አንድ የምጠይቅሽ አለ፤ ሁለተኛው ጣሳ ላይ ያለው የግራ ብሎን ድምፁ ሁለት ቦታ ላይ ይወፍራል። እኔ የሚጠልቀውን ትቼ ከላይ ያለውን መረጥኩ። ልክ ነኝ?

አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ሲሆን ዜናው ጀመረ። አሥራ አንዱም ሰው ነበር፤ ማንም ዞር በሉ አላላቸውም። ድምፁ የአንቺን ጊዜ አያክልም፣ ግን ቃል በቃል ይሰማል። የመርከቦቹ ነገር አለፈ፣ የዓሣ ዋጋ አለፈ። “አሁን መልእክቶች” ሲል አባዬ ተነሣ።

“ውሻውን ልይ” አለና ኮቱን ሳይለብስ ወጣ።

ውሻው ከምድጃው ሥር ተኝቶ ነበር። ሁሉም አየው።

ሦስት መልእክት ከተነበበ በኋላ ሰውዬው እንዲህ አለ፤ “ለአዛርያ ፔሊ፣ ኬትል ደሴት። ወይዘሮ ፔሊ ማክሰኞ ዕለት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። ሁኔታቸው አጥጋቢ ነው። ከሆስፒታሉ።” ከዚያ ወደ ሌላ ሰው ስም ሄደ።

እትዬ ትራይፊና “ተመስገን” አሉ። ሌሎቹም አሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረው አዩኝ፤ ለአባዬ የሚነግረው ማን ነው በሚል ዓይን። ተነሥቼ ወጣሁ።

የተከመረው እንጨት ጋ ቆሟል። ሁለት እጁን ግንዱ ላይ አድርጎ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ። አልዞረም።

“ተሠርቶላታል” አልኩት። “ማክሰኞ። ሁኔታዋ አጥጋቢ ነው።”

“ድገሚው።”

ደገምኩት።

“እንዳነበበው ነው? አልጨመርሽበትም?”

“አልጨመርኩም።”

ትንፋሹን ለቀቀ፤ በብርዱ ውስጥ ነጭ ሆኖ ሲወጣ አየሁት። ከዚያ “የማን ስም ነው መጨረሻው ላይ?” አለ።

እማዬ፣ በሚያዝያ “በሰላም ደርሻለሁ” ያልሽው መልእክት መጨረሻው “ሰሊና” ነበር። በነሐሴ ስለ ድንቹ የላክሽውም “ሰሊና” ነበር። ያኔ አባዬ ስምሽ ሲጠራ ከንፈሩ አብሮ ሲንቀሳቀስ አይቼዋለሁ። አሁን ከንፈሩ አይታየኝም፣ ጀርባው ብቻ ነው የሚታየኝ።

“ሰሊና” አልኩት። ስምሽን ጠርቼ አላውቅም ነበር።

ዞሮ አየኝ። “ራሷ ናት እንግዲህ የላከችው” አለ። “ማስላክ ከቻለች መናገር ችላለች ማለት ነው።” እጁን ራሴ ላይ አደረገና ቀድሞኝ ገባ።

ሲገባ ነው ሌሎቹ ትዝ ያሉኝ። ውስጥ አሥር ሰው አለ፤ አሥሩም ሰምቷል። አጎት ኤልዮል ደግሞ ከዜና አንባቢው ጋር እንኳ እየተከራከሩ የሚያርሙ ሰው ናቸው። አባዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና “ሰሊና ናት የላከችው አለችኝ” አላቸው።

አጎት ኤልዮል አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ወደ አባዬ ዞሩና “ሰሊና ብሎ ነዋ የጨረሰው” አሉ። “ውሻ ፍለጋ ስትወጣ ነው ያመለጠህ፤ ውሻህ እዚህ ተኝቶ።”

እትዬ ትራይፊና ሻይ መቅዳት ጀመሩ። ማንም አላረማቸውም። ሲሄዱ አጎት ኤልዮል በሩ ላይ ጠጋ ብለው “ሬድዮዋ ጥሩ ሆናለች” አሉኝ። እሳቸው ማንንም አመስግነው አያውቁም።

አባዬ ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ይበላል፣ መረቡን ያያል፣ ትናንት እያፏጨ እንጨት ፈለጠ። በየማታው መልእክቶቹ እስኪያልቁ ቁጭ ብሎ ይሰማል፤ ውሻ ሊያይ አይወጣም። እኔ ነኝ የምፈራው። አጥጋቢ ማለት ምን ማለት እንደሆነ መምህሩን እንዳልጠይቀው ማዶ ነው።

ስለዚህ እማዬ፣ ስትጽፊ ሐሙስ ዕለት የተነበበውን የላክሽው አንቺ እንደሆንሽ አድርገሽ ጻፊ። መልእክቱ ደረሳችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ። እጅሽ ከደከመ ደብዳቤ አልፈልግም፤ በራስሽ እጅ ስምሽን ብቻ ጻፊበት፣ እኔ ለአባዬ አሳየዋለሁ።

ይህን የምታነብልሽ ነርሷ ከሆነች ደግሞ፣ እመቤቴ፣ እባክዎ ዝግ ብለው ያንብቡላት። ስለ ብሎኖቹ ያለው ላይ እናቴ ትስቃለች፤ ስትስቅ ቁስሏን ትያዝ። ካልሳቀች ይጻፉልኝ፤ ለእኔ ብቻ፣ በድሩሲላ ስም። ፖስታውን ከፖስተኛው የምቀበለው እኔ ነኝ።

እግዚአብሔር በሳምባሽ ላይ እጁን ያኑር፤ የምትተነፍሺውን አየር ያቅልልሽ። አባዬም፣ የአራቱ ቤት ሰው ሁሉም በጸሎት ያስቡሻል።

የምትወድሽ ልጅሽ
ድሩሲላ